ቺንጊያ ከመግዛታችሁ በፊት ፑሌጃውን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ግቢ ሳር የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ አልሄድ ካለ «ቺንጊያውን ቀይሩ» ብሎ በአንድ መስመር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት የገዛው ወገናችን ግማሽ ኤከርና ከዚያ በላይ ሳር ታቅፎ ነው የተቀመጠው፣ ኤፕሪል ሲገባ ማጨጃው እምቢ ሲለው ደግሞ በዚያች መስመር ተነስቶ ገንዘቡን ያፈሳል።

ሲጀመር ቺንጊያው፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው የጎማ ቀበቶ፣ አንድ አይደለም። አንዱ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው ሄዶ ማሽኑን ያስኬዳል፣ ሌላው ከስር ያሉትን ምላጮች ያሽከረክራል። ማሽኑ እየሄደ ሳሩን ካላጨደ የመጀመሪያውን አትንኩት።

አልሄድ ካለ መጀመሪያ ወጪ የሌለውን ነገር እዩ። ሃይድሮስታቲክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ካምቢዮ ያላቸው ማሽኖች በብዛት ከኋላ በኩል አንዲት ዘንግ አለቻቸው፤ ማሽኑን በእጅ ለመግፋት ታገለግላለች። እሷ ነጻ ላይ ከተረሳች ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢያጓራ ማሽኑ ንቅንቅ አይልም።

ዘንጓ በቦታዋ ከሆነች ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉን አውጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ያለዚህ እጅ ከስር አይገባም! ከዚያ ቺንጊያውን ዙሪያውን እዩት። ጎኑ ካብለጨለጨ እየተንሸራተተ ነው፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታና ዳገት ላይ መድከምም ከዚሁ ይመጣል። የተሰነጠቀ፣ ክሩ የወጣ ወይም ተበልቶ ከመጥበቡ የተነሳ ፑሌጃው (ቺንጊያው የሚዞርበት መዘውር) ጎድጎድ ውስጥ የሰመጠ ከሆነ ይቀየር፣ ክርክር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። አዲስ ቺንጊያ ገጥማችሁ ብዙም ሳይቆይ ከተበላ ጥፋቱ የቺንጊያው አይደለም ማለት ይቻላል። ቺንጊያውን ወጥሮ የሚይዝ ትንሽ ፑሌጃ አለ፣ ክንድ ላይ ተቀምጦ በሞላ ይሳባል። ቺንጊያውን አውጥታችሁ (አካሄዱን አስቀድማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ) ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ በእጅ አሽከርክሩ። የሚንገጫገጭ ወይም ጭራሽ አልዞር የሚል ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ክንዱ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ዝጎ ከተያዘም ሞላው ቢስብ ቺንጊያው አይወጠርም። ክረምቱን ቆሞ የዛገ ጎድጎድ ደግሞ እንደ ሞረድ ጎማውን ይፍቀዋል። አይጥ ጎጆ ሠርታበት ብታገኙም አይግረማችሁ። ለአንድ ጎረቤቴ ጥገና ቤት «ካምቢዮው ሄዷል» ተብሎ ከማሽኑ ግማሽ ዋጋ የሚጠጋ ሂሳብ ተጠየቀ፤ ሲታይ የተያዘ ፑሌጃ ሆኖ ተገኘ።

አንዳንዱ ደግሞ ርዝመቱን ለክቶ ከመኪና ዕቃ መሸጫ ርካሽ ቺንጊያ ይዞ ይመጣል። አይሆንም። በብዙ ማጨጃ ላይ ፔዳሉን ስትረግጡ የሚላላውና የሚጠብቀው ቺንጊያው ራሱ ነው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ እሱ ነው፤ ለዚህ ተብሎ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ውስጡ ኬቭላር የሚባል ጠንካራ ክር አለው፣ ተራው ግን ቶሎ ያልቃል። የምትገዙትም በማሽኑ የሞዴል ቁጥር ይሁን፣ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ስር ተለጥፏል። ሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሞተሩ ብቻ ስለሆነ ቺንጊያ አያስገዛም።

ስትመልሱት ቺንጊያው ፑሌጃው አጠገብ ባሉት ትንንሽ መያዣ ብረቶች ውስጥ ማለፉን እዩ። ከውጭ ከቀረ ይወጣል፣ ወይም ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ማሽኑ ሲነሳ በደንብ እየሄደ፣ ሲሞቅ ግን እየደከመ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ የሃይድሮስታቲኩ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱ አርጅቶ ወይም ውስጡ ተበልቶ። ያኔ ነው እንግዲህ ጥገና ቤት የሚደወለው።

አንባቢያችሁ፣ ከፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ