የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲገመገም ዳታቤዙም ይከፈት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ አምና ከገመገምኳቸው የመመረቂያ ፕሮጀክቶች አንዱ የጤና ጣቢያ የታካሚዎች ካርድ መመዝገቢያ ነበር። ሰነዱ በጥንቃቄ የተዘጋጀ፣ ዲያግራሞቹም እንከን የማይወጣላቸው ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ዳታቤዙን ከፍተው እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው ግን የሐኪሞቹም የካርድ ክፍል ሠራተኞቹም የይለፍ ቃል ማንም ሊያነበው በሚችል መልኩ በሰንጠረዡ ላይ ተደርድሮ አገኘሁት። ሃሽ፣ ማለትም የይለፍ ቃልን ተመልሶ ሊነበብ ወደማይችል ኮድ የሚቀይረው ዘዴ፣ ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ትርጓሜውን አንድም ሳይሳሳቱ ነገሩኝ። በደኅንነት ኮርስ የተማሩትን በገዛ እጃቸው ከሚሠሩት ሲስተም ጋር ያገናኘላቸው መምህር አልነበረም፤ እኔም አላገናኘሁላቸውም።

የመረጃ ደኅንነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከውጭ የሚመጣውን ሰርጎ ገብ ብቻ ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ ከእነርሱም ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ ባደሩበት ሌሊት የተፈጠረው ግን፣ ባንኩ ራሱ እንደገለጸው፣ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር ነበር። ማሻሻያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የት ይሞከራል? ማን ያጸድቀዋል? በእኩለ ሌሊት ችግር ቢፈጠር ማን ያስቆመዋል? እነዚህ የሲስተምም የደኅንነትም ጥያቄዎች ስለሆኑ በሁለት ኮርስ ከፋፍሎ ማስተማሩ ተማሪውን ይጎዳዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይህን ክፍተት አይሞላውም፤ በምርጫ ጥያቄ የሚለካው ዕውቀት እንጂ የሥራ ልማድ አይደለምና። በሌላ በኩል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው መረጃ መድቦታል፤ ተመራቂዎቻችን ነገ የሚቀጠሩትም እንዲህ ያለ መረጃ በሚያዝበት ቦታ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች የግምገማ መመሪያቸውን እንዲያሻሽሉ እጠይቃለሁ። ፈታኙ ዲያግራም ከማየቱ በፊት ዳታቤዙ ይከፈት፤ በካርድ ሠራተኛ አካውንት ገብቶ የሐኪሙን ማስታወሻ ማንበብ ይችል እንደሆነ ይሞክር፤ ከዚያም ዳታው ተሰርዞ ተማሪዎቹ ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂ) ሲመልሱት ይመልከት። ለዚህ አዲስ ላብራቶሪም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ለአንድ ቡድን የሚመደበውን ጊዜ ግን በግማሽ ሰዓት ያህል ማርዘም ይጠይቃል። በኔ በኩል በዚህ ዓመት የማማክራቸው ቡድኖች ከወዲሁ እንዲዘጋጁ ነግሬያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ መምህር