በዳይ ባልን ሁሉ በአንድ ሚዛን አንመዝን

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በደብረ ማርቆስ አካባቢ በሽማግሌነት መቀመጥ ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ሚስቱን የመታ ባል ሁሉ በፊታችን አንድ ነው፤ ይገሠጻል፣ ካሳ ይከፍላል፣ እርቅ ይወርዳል፣ እሷም ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ሆልትስዎርዝ-መንሮ እና ስቱዋርት የተባሉ ተመራማሪዎች ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ባቀረቡት ምደባ፣ ዱላው ከቤተሰቡ የማያልፈውን፣ በቅናትና «ትተወኛለች» በሚል ስጋት ስሜቱ የሚናወጠውን፣ እንዲሁም በውጭም በሰው ላይ እጁን የሚያነሣውን ለይተው አሳይተዋል። እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ አልቅሶ እግር ሲስም የተጸጸተ ይመስለናል፣ ሴቲቱ ልትለየው ስትነሣ ግን አደጋው ሊበረታ ይችላል።

በእርግጥ ሰው በአንድ ሣጥን ብቻ አይገባም፤ ምደባውም ጥፋቱን አያቀልም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት በወንጀልነት ይመለከተዋል። ስለዚህ የጎጃም ሽማግሌዎች «ታረቁ» ከማለታችን በፊት ሚስትን ለብቻዋ አስቀምጠን፣ አንቋት፣ በመሣሪያ ዝቶባት ወይም ከዘመድ ለይቷት እንደሆነ እንድንጠይቅ፣ አዎ ካለችም ጉዳዩን ወደ ፖሊስ እንድናደርስ አጥብቄ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከምሥራቅ ጎጃም