ለእናቶች ማቆያው ጣሪያ፦ ከመስቀል በፊት የድጋፍ ጥሪ

በአገር ቤት፣ በአዲስ አበባና በባህር ማዶ ለምትገኙ የጉመር ልጆች በሙሉ፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። በጤና ጣቢያው ግቢ የምናሠራው፣ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያድሩበት የእናቶች ማቆያ ግንቦት ላይ በአንድ ሌሊት ነፋስ ጣሪያው እንደተነሳ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ ፎቶውንም አይታችኋል። የቆርቆሮውን ግማሽ ከእንሰት ማሳ ውስጥ ለቅመን ነው ያመጣነው። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግድግዳውም ቆሟል። ክረምቱ ግን ገብቶበታል፤ ሐምሌን ሙሉ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቶ ከረመ። ሰኔ ላይ የላክነው ጥሪ ያስገኘልን ከግምታችን እጅግ ያነሰ ስለሆነ ነው ዛሬ እንደገና የምንጽፈው። ይህ አምስተኛው ደብዳቤ ነው። ስልክ ስንደውል የማታነሱም እንዳላችሁ እናውቃለን፤ አንቀየምም፣ እኛም በእናንተ ቦታ ብንሆን ሰልችቶን ይሆን ነበር።

መጀመሪያ የሚጠየቀውን እንመልስ። ጣሪያው ለምን ተነሳ? ገንዘቡ ተበልቶ አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የብረቱና የቆርቆሮው ዋጋም አብሮ ከእጃችን ወጣ። ያን ጊዜ ግድግዳው ጣሪያ ደረጃ ደርሶ ነበር። ሥራውን ከምናቆም ብለን ቀጭኑን ቆርቆሮ ገዛን፤ ጎማ ያለውን ሚስማር ትተን በተራው አስመታን፤ ወራጁንም ከግንቡ ጋር በብረት ሳናሳስር ቀረን። አናጺው ነግሮን ነበር። «የጉመርን ነፋስ እያወቃችሁት» ነበር ያለን። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይም እንዲሁ ተጽፏል።

ሒሳቡ ይኸው። እስከ ዛሬ የገባው 1,486,000 ብር ነው። ለመሠረት፣ ለድንጋይ፣ ለብሎኬት፣ ለሲሚንቶና ለብረት 812,000 ወጣ። ለጣሪያ እንጨትና ቆርቆሮ 347,000፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለውሃ ሮቶ 164,000፣ ለግንበኛና ለቀን ሠራተኛ 138,000። በባንክ ያለን 25,000 ብር ብቻ ነው። ደረሰኞቹ በሦስት ክላሰር ተቀምጠዋል፤ ማንም መጥቶ ሊያገላብጣቸው ይችላል። አንድ ወንድማችን «ለመጸዳጃ ቤት ይህን ያህል ገንዘብ ምን አመጣው?» ብሎ በሰው ፊት ጠይቆናል። መልሳችን፣ የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር ሌሊት በጭቃ ወደ ሜዳ እንዳትወጣ ነው። ነፋሱ ያልነካው ሥራችንም እሱ ነው።

ማቆያው ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ እለፉት፤ ለልጆቻችሁ ግን አንብቡላቸው። የወሊድ አገልግሎት በጤና ጣቢያ በነጻ ነው። አዋላጅ ነርስ አለች፣ መድኃኒቱም ይገኛል። ችግሩ ርቀቱ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሰው ያገለግላል ተብሎ ሲታቀድ፣ ያ ሕዝብ በስንት ሸለቆና ገደል እንደተከፋፈለ እቅዱ አይናገርም። ከወንዙ ማዶ ያለች እናት ምጧ ሌሊት ቢጀምራት መጀመሪያ ቤተሰቡ ይመክራል፤ ከዚያ ቃሬዛ ይፈለጋል፣ ጎረቤት ይቀሰቀሳል፣ ወንዙ እስኪጎድል ይጠበቃል። አምቡላንስ ቢገኝም መንገዱ እስካለበት ድረስ ብቻ ነው የሚመጣው። ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ ከጀመረ ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሸክሙ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ነገሩ ያልቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በከተማ ከ100 ወሊዶች 70ው በጤና ተቋም ሲሆኑ በገጠር ግን 40 ብቻ ነበሩ። የእኛ እናቶች ከቀሩት ስልሳዎቹ ውስጥ የሚገቡት አላዋቂ ሆነው አይደለም። ወንዝ ሞልቶባቸው ነው።

ማቆያ ማለት ታዲያ ቀላል ነገር ነው። እናትየዋ ቀኗ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጥታ እዚያው ታድራለች፤ ምጡ ሲመጣ ከማዋለጃው ክፍል የሚለያት ግቢው ብቻ ይሆናል።

ይህን እኛ አልፈጠርነውም። እዚሁ ጉራጌ ያለው አጣጥ ሆስፒታል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሠራበት ነው፤ አክስቶቻችንና እናቶቻችን ያደሩበት ነው። ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) እዚያ የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ተጠንተው ነበር። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት 6,805 እናቶች መካከል የነበረው ሞት፣ በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ 90 ገደማ ነው። በቀጥታ ከቤት በመጡት ግን ከ1,300 በላይ። አንድ ሐኪም ወንድማችን ይህን ቁጥር ስናነብለት «በቀጥታ የሚመጡት ብዙዎቹ ከባሰባቸው በኋላ ስለሆነ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው አትስጡት» አለን። ልክ ነው። ግን ሳይብስባቸው እንዲመጡ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? የሚያድሩበት ቤት ነው።

«ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?» የምትሉ አላችሁ። ነው። ማመልከቻ አስገብተናል፣ ቃልም ተገብቶልናል፣ በጀት ዓመቱም አልፏል። አባቶቻችን በ1950ዎቹ ለመንገድ ሥራ ከኪሳቸው ሲያዋጡ መንግሥት አልነበረም? ነበረ። እነሱ ግን መንገዱ እስኪመጣላቸው ተቀምጠው አልጠበቁም፤ እኛም በዚያው መንገድ ነው አዲስ አበባ የገባነው።

አሁን ሦስት ነፍሰ ጡሮች ክትባት ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ክትባት ስለሚሰጥ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ደጅ ይቀመጣሉ፤ ሲዘንብ በረንዳ ላይ። የየቀበሌው ሴቶች ለማቆያው ብለው ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ ገብስ፣ ቆጮና ማገዶ አዋጥተዋል፤ ከእኛ ቀድመው። ገንፎው የሚገነፋበት ማድ ቤት ግን ገና የለም። ባለፈው ሳምንት አንዷ ወልዳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልንላት ብንሄድ፣ አራሷ ለሌላዋ ቦታ ልትለቅ ልብሷን ስትሰበስብ አገኘናት። ምን እንደምንላት ጠፋን።

የሚያስፈልገው 620,000 ብር ነው። ወፍራም ቆርቆሮ፣ ጎማ ያለው ሚስማር፣ አዲስ እንጨትና ማሰሪያ ብረት ከነሠራተኛው 390,000፤ በርና መስኮት 110,000፤ አልጋና ፍራሽ ለ12 እናቶች 120,000። ማድ ቤቱን በሚቀጥለው ዓመት እንጨርሳለን፤ እስከዚያ ሴቶቹ በዳስ እንሠራለን ብለዋል። እጃችን ያለው 25,000 ለአናጺው ቀብድ ይሆናል። ቀሪው ካልደረሰ ግን ቆርቆሮው አይገዛም፤ ነጋዴው ዋጋውን የያዘልን እስከ መስከረም 10 ብቻ ነው።

መስቀል ሲደርስ ለሰንጋ የምናወጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅርጫውን ተዉ አንልም፤ ማንስ ይሰማናል? ከአንድ ቅርጫ የአንድ መደብ ዋጋ ለማቆያው ይለይ ነው የምንለው። አስራት የምታወጡ ከአስራታችሁ፣ ለአረፋ ገብታችሁ የሄዳችሁ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከሰደቃችሁ አስቡን። ማርያም ማርያም ብላ የምታምጠውም፣ አላህን የምትጣራውም በዚያው በር ነው የሚገቡት።

የአከፋፈሉን ነገር እባካችሁ በጥንቃቄ አንብቡ። ሂሳቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም የተከፈተ ነው፤ የማንም ግለሰብ ስም የለበትም። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች 4417 ናቸው። ሙሉ ቁጥሩን እዚህ ያላወጣነው፣ አምና ደብዳቤያችንን ገልብጦ በራሱ ቁጥር ያሰራጨ ሰው ስለነበረ ነው፤ ሁለት እህቶቻችን ተታለውበታል። ሙሉውን ከየዕድራችሁ ጸሐፊ፣ የኮሚቴው ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ ውሰዱ። ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ጥምር ፊርማ ነው። በማንም የግል ስልክ፣ በቴሌብርም ቢሆን አንቀበልም፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ያለ ሰው በግሉ ላኩልኝ ቢላችሁ እኛ አይደለንም። በባህር ማዶ ያላችሁም በባንክ ወደዚሁ ሂሳብ ላኩ።

ስትልኩ ምክንያቱ ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። የደረሰኙን ፎቶ ለዕድራችሁ ጸሐፊ ስጡ፤ ስማችሁ ከነብሩ መጠን መስከረም 17 ደመራው ስር ይነበባል። ስማችን አይነበብ የምትሉ «ስም አይጠራ» ብላችሁ ጨምሩ። ደግመን፦ ንግድ ባንክ፣ በኮሚቴው ስም፣ መጨረሻው 4417፣ እስከ መስከረም 10።

የማቆያ ቤት አሠሪ ኮሚቴ ጸሐፊ
ነሐሴ 2017 ዓ.ም.፣ ጉመር