የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሳይዘምሩ የተቀዱት ልጆች

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ትልቅ ሥራ ይዞ ነው የከረመው። 60 የሚሆኑ ልጆች የትምህርት ቤታችንን መዝሙር አብረው ዘምረው፣ ቀድሞ በተሠራ ቅንብር ላይ ድምፃቸውን መቅዳት። ቅንብሩን ከዓመታት በፊት በኪቦርድ የሠራልን እዚሁ የተማረ ልጅ ነው። አዲስ ማሠራት አልፈለግንም። ልጆቹ መዝሙሩን የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር በልምምድ አለቀ። ቅንብር እንደ ሰው አይደለም፤ ትንፋሽ እስኪወሰድ አይጠብቅም። ስለዚህ የምንተነፍስበትን ቦታ ሁሉ ግጥሙ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግንበት። ለታናናሾቹም ዜማው ከፍ ይልባቸው ስለነበር በኮምፒውተር ትንሽ ዝቅ አደረግነው።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነበር። ልጆቹ ሲቀዱ ቅንብሩን በምን ይስሙት? ለ60 ልጅ ኢርፎን ከየት ይመጣል? ብሉቱዝ ደግሞ ድምፁን ያዘገያል። በስፒከር ከፈትንላቸው። ማይኩ ቅንብሩንም አብሮ ቀዳው። ከዋናው ቅንብር ጋር ስናዋህደው ከበሮው ሁለት ጊዜ የሚመታ ይመስላል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ስፒከሩ ከማይኩ 10 ሜትር ከራቀ፣ ድምፁ ወደ 3 መቶኛ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ትንሽ ትመስላለች፤ ጆሮ ግን አያልፋትም።

ስፒከሩን አቀረብነው፣ ድምፁን ቀነስነው፣ የማይኩንም ጀርባ ወደ እሱ አዞርነው። ተሻለ፤ ግን አልጠፋም።

ከዚያ ልጆቹን ዝም አሰኝተን ቀዳናቸው። ዘምረው እንደጨረሱ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። ማይኩም ስፒከሩም አይነካም። ቅንብሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ይከፈታል፤ እነሱ ቆመው ያዳምጣሉ። ልጆቹን አስወጥቶ መቅዳት አይሆንም። ሰውነትና ልብስ ድምፅ ስለሚመጥ የባዶ አዳራሽ ድምፅ ሌላ ነው። የዚህን ቅጂ ሞገድ በኮምፒውተር ላዩን ወደ ታች፣ ታቹን ወደ ላይ ገልብጠን ከዝማሬው ጋር ስንደምረው፣ የአንዱ ሞገድ ሲወጣ የሌላው ይወርድና ከስፒከሩ የገባው ድምፅ ይጣፋል።

መጀመሪያ ላይ አንዱ አስነጠሰው። ሁለተኛው ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። በሦስተኛው ግን 60 ልጅ፣ የ5ኛ ክፍሎቹ ሳይቀሩ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ሳይንቀሳቀሱ ቆሙ። ሳስተምር በቆየሁበት ዘመን እንደዚያ ቀን በልጆቼ ኮርቼ አላውቅም።

ከበሮው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ጥቂት ቀርቷል፤ ዋናው ቅንብር ከላይ ሲገባ ግን ይሸፍነዋል። እሱን ከማስገባታችን በፊት ድምፃቸውን ብቻውን አሰማኋቸው። ኮምፒውተሩን ከበው፣ ተደራርበው አዳመጡ። ከኋላ የቆመች አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ እኛ ነን?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ደግሜ ከፈትኩላት።

ቅጂው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። መውሰድ የሚፈልግ ወላጅ ፍላሽ ይዞ ይምጣ።