ሴፍቲ ቫልቭ ሲያፏጭ ሞላውን አታጥብቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የኮምፕረሰር ወይም የቦይለር ሴፍቲ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰው) ማፏጨት ሲጀምር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሳው መፍቻ ነው። የሞላው ማጥበቂያ ግማሽ ዙር ይዞራል፣ ፉጨቱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ግን ቫልቩ በስንት ባር ግፊት እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ሞላው ዲስኩን፣ ማለትም የቫልቩን ክዳን፣ መቀመጫው ላይ ይጫናል፤ የታንኩ ግፊት ደግሞ ከሥር ይገፋዋል። የመቀመጫው ዲያሜትር 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በ10 ባር ዲስኩ ላይ የሚያርፈው ኃይል 314 ኒውተን ገደማ ነው፤ 32 ኪሎ ዕቃ እንደማንሳት ማለት ነው። ሞላው የተስተካከለው ለዚህ ልክ ነው። ዲስኩ ትንሽ ሲነሳ አየሩ ወይም እንፋሎቱ ሰፊውን ጠርዙን ስለሚያገኘው በአንዴ ብድግ ይላል፤ የሚዘጋውም ግፊቱ ከመክፈቻው ዝቅ ሲል ነው። የፈሳሽ ሪሊፍ ቫልቭ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ቀስ በቀስ ይከፈታል።

የማፏጨቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው ላይ ያረፈ የዝገት ቅንጣት ወይም የብየዳ ፍንጣሪ ነው። እንፋሎት በዚያች ቀዳዳ እየሾለከ ብረቱን ይቦረቡረዋል። በ10 ባር የሚከፈት ቫልቭ ያለበትን ታንክ በ9.7 ባር ማሠራትም ያስፏጫል፤ ቢያንስ የ10 በመቶ ልዩነት ይተዉ። ሙቀት ያዛለው ሞላ ከሆነ ደግሞ መለወጥ እንጂ ማጥበቅ አያድነውም።

የማጥበቅ ትልቁ ጉዳት የመክፈቻውን ግፊት ከፍ ማድረጉ ብቻ አይደለም። የሞላው ጥምዝ እርስ በርሱ ከተነካካ ዲስኩ የሚነሳበት ቦታ ያጣል፤ ግፊቱ የፈለገውን ያህል ቢያድግ አይከፈትም።

መጀመሪያ ግፊቱ የመክፈቻውን ግፊት 75 በመቶ ሲያልፍ፣ ከመውጫው ፊት ዞር ብሎ የመፈተሻ እጀታውን መሳብ ነው፤ ቅንጣቱ ተጠርጎ ሊወጣ ይችላል። ካልሆነ ማሽኑን አጥፍቶ፣ አቀዝቅዞ፣ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ዜሮ ማለቱን አይቶ መፍታት። ጠፍጣፋ ዲስክ በሞረድ አይነካም፤ ደቃቅ ግራይንዲንግ ፔስት (የብረት መሞረጃ ቅባት) በተቀባ ልሙጥ ብረት ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ ያሹታል። ከዚያ መፈተሻ ላይ መክፈቻው ተለክቶ በእርሳስ ይታሸጋል።

መውጫው ላይ ታፖ (መድፈኛ) የሚመቱም አሉ! ቀጭን ረጅም ቱቦ መቀጠልም ቢሆን ዋዛ አይደለም፤ በተለመደው ዓይነት ቫልቭ መውጫው ላይ የሚጠራቀም ግፊት ሞላውን ያግዛል። በታንኩና በቫልቩ መካከል መዝጊያ አይገባም። እርሳሱ የተበጠሰ ቫልቭ ደግሞ እንደገና እስኪለካ ድረስ እንዳልተፈተሸ ይቆጠር።

ከጥገና ባለሙያዎች