ጋዙን ከማስሞላትሽ በፊት

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 12

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የቆላው ሙቀት እንዴት እያደረገሽ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉንፋን ለቆታል። ትናንት ማታ «እማዬ፣ ፍሪጁ አላቀዘቅዝ አለ፤ ሠሪው አይቶ ጋዝ አልቋል አለኝ» ብለሽኝ ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ሐሳቤ እዚያው አንቺ ጋ ነው። ወንድምሽ ነገ ሸዋ ሮቢት ስለሚወርድ ይህን ጽፌ ከቅቤው ጋር ሰጥቼዋለሁ። ሰውዬው ቅዳሜ ተመልሶ ሳይመጣ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ልጄ፣ የፍሪጅ ጋዝ አያልቅም። እንደ ቡታጋዝ ነዶ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲዞር የሚኖር ነው። ጎደለ ከተባለ በሆነ ቦታ ሾልኳል። የሾለከበት ተፈልጎ ሳይደፈን መሙላት በሚያፈስ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንቺ አራተኛ ክፍል ነበርሽ። በፋሲካ ማግስት የበጉ ሥጋ ፍሪዘሩ ውስጥ ከበረዶው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። እንግዳ ደርሶብኝ ስለነበር ቸኮልኩና የሽንኩርት ቢላውን በበረዶውና በግድግዳው መሀል አስገብቼ ፈነቀልኩት። «ፍስስስ» አለ። ቀዝቃዛ ትንፋሽ እጄን ነካኝና ጸጥ አለ። በረዶው ሲነሳ ከሥሩ ባለው አሉሚኒየም ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ነበረች፤ እኔ ምንነቷን አላወቅሁም። የመጣው ሠሪ ምን እንደተፈጠረ ሳይጠይቀኝ ጋዝ ሞልቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ወተቱ ውስጡ ተበላሸ። ደግሞ ሞላ፤ ደግሞ ያው ሆነ። ሌላ ሰው ጠርተን ነው የሳሙና አረፋ ቀብቶ፣ አረፋው የሚፈላበትን አይቶ፣ ቀዳዳዋን ያገኘልን። ያን ዕለት አጠገቡ ቆሜ የጠየቅሁትን ሁሉ ሳይሰለች ነገረኝ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ከእሱ የሰማሁትና ከዚያ ወዲህ በቤቴ ያየሁት ነው።

ያንቺ ግን ጋዙ የጎደለ አይመስለኝም። ይህ አንቺ ጋ ያለው ፍሪጅ ያ የወጋሁት አይደለም፤ እኛ ቤት ስድስት ዓመት ሲቆይ በጋዝ አስቸግሮን አያውቅም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ ነው። ጣርማበርን አልፈሽ ደብረ ሲና ቆሎ ስትገዢ ጋቢሽን ታወልቂ የለም? ፍሪጁም አየር ተለውጦበታል። ፍሪጅ ብርድ አይፈጥርም። ከውስጡ ያለውን ሙቀት እየሳበ ከኋላ ባለው ጥቁር ፍርግርግ በኩል ወደ ውጭ ይጥላል። እዚህ የሚጥልበት አየር ቀዝቃዛ ነው። እንዲያውም ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ ጓዳው ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ሞተሩ መነሳቱን ትቶ የፍሪዘሩ ሥጋ ይለሰልስ ነበር፤ ወደ ሳሎን ያስገባነው ለዚያ ነው። አንቺ ጋ ግን አየሩ የጋለ ስለሆነ ሙቀቱን የሚያራግፍበት ያጣል።

ባለፈው መጥቼ ሳይ ፍሪጁ የቆመው ቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው፤ ያውም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል። ያን ጊዜ ሳልነግርሽ መቅረቴ ይቆጨኛል። ወንድምሽ ሲደርስ አግዞሽ ወደ ማዶው ግድግዳ አዙሩት፤ ከኋላው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተዪለት። የሠራሁልሽን ዳንቴልም ከላዩ አንሺው። አውቃለሁ፣ ቤትሽን ያሳምረዋል፤ ግን ከኋላ ወርዶ ፍርግርጉን ሸፍኖታል። ለጠረጴዛሽ አድርጊው፣ ለፍሪጁ ሌላ አጭር እሠራልሻለሁ። አዳዲሶቹ ፍሪጆች ላይ ፍርግርጉ ጎን ቆርቆሮው ውስጥ ስለሚደበቅ ጎናቸውንም መሸፈን አይገባም።

ካዞራችሁት በኋላ ስፒናውን ነቅለሽ ፍርግርጉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው። የዚያ አገር አቧራ ከወጥ ቤት ቅባት ጋር ሲጣበቅ እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ሙቀቱን አያስወጣም። በወር አንዴ ይበቃል።

ቀጥሎ በሩ። ዙሪያውን ያለውን ጎማ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጥፋቱን እየከፈትሽ እጠቢው፤ የወጥ ጠብታና ፍርፋሪ እዚያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሲደርቅ የመቶ ብር ኖት በሩ መሀል አስገብተሽ ዝጊና ሳቢው። ጠበቅ ብሎ ከወጣ ጥሩ ነው። ሸርተት ብሎ ከመጣ በዚያ ጥግ ሙቀት እየገባ ነው። አራቱንም ጎን ሞክሪ፣ በተለይ የታችኛውን ጥግ። የደረቀ ጎማ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሲታሽ ለስልሶ ወደ ቅርጹ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ካልተመለሰ ጎማው ብቻ ይቀየራል።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ፤ ከሁሉ የምፈራልሽ ይህን ነው። ማታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖልሽ ይደክማል ብለሽኝ ነበር። ፍሪጁ የሚፈልገው 220 ቮልት ነው። ኃይሉ ሲወርድ ሞተሩ ለመነሳት ይታገላል፤ «እምምም» ይልና «ቀጭ» ብሎ ይቆማል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ እንዲሁ። ያ «ቀጭ» የሚለው ሞተሩ እንዳይቃጠል የሚያቋርጠው መከላከያ ነው። ይህን ድምፅ ከሰማሽ ስፒናውን ንቀዪና ኃይሉ እስኪስተካከል ጠብቂ። አምፖሉ ደምቆ እያለም እንዲሁ ካደረገ፣ ሪሌው ሊሆን ይችላል። ሪሌ ሞተሩን ለማስነሳት ጎኑ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ከሞተር ጋር ሲተያይ ዋጋዋ ኢምንት ነው። እሷ ሳትታይ «ሞተሩ ሞቷል» የሚልሽን አትቀበዪ።

መብራት ሲሄድ ወዲያው ንቀዪ። ሲመጣም አትቸኩዪ፤ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ሰኪው። ሞተሩ እንደቆመ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት አልበረደም፤ በዚያ ላይ ተነስ ሲባል ነው የሚቃጠለው። ሥራ ላይ ስትሆኚ ማን ይነቅልልሻል? ስለዚህ መብራት ሲመለስ በራሱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ ስታቢላይዘር፣ ማለት የመብራት ኃይል ማስተካከያ፣ ግዢ። ገንዘቡ ካነሰሽ የሚቀጥለው እቁብ የእኔ ነው፣ እልክልሻለሁ። ፍሪጁንም ከምጣዱ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኪው፤ ለብቻው ከግድግዳው ሶኬት ይሁን።

መብራት በጠፋበት ሰዓት በሩን አትክፈቺ። ተዘግቶ ከቆየ የታችኛው ክፍል 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ሙሉ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 2 ቀን፣ ግማሽ ከሆነ 1 ቀን። ስለዚህ ፍሪዘርሽ ባዶ አይሁን፤ ሥጋ ከሌለ በሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ አስቀምጪ፣ ሲረጋ ስለሚያብጥ አንገቱን አጉድዪው። የታችኛው ክፍል ሙቀት ከ4 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ጤና ጣቢያ ስለምትሠሪ ቴርሞሜትር አይቸግርሽም፤ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርገሽ መሀል መደርደሪያ ላይ አሳድሪና ጠዋት እዪው። ከዚያ በላይ ሞቆ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ወተትና ወጥ ይደፋ። ሽታው ደህና ነው ብለሽ አትመኚው፣ ሆዴ።

የቅዝቃዜ ማስተካከያው ቁልፍ ላይ ያለው ቁጥር ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል፤ ብዙ ሰው የሙቀት መጠን ይመስለዋል። መሀል ላይ ተዪው። መጨረሻ ላይ ካደረግሽው ሞተሩ ዕረፍት ያጣል። ትኩስ ወጥም አታስገቢ። አትክልት መያዣው ሥር ውሃ ከተጠራቀመ፣ ከጀርባው ግድግዳ ታች ያለችው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ በጆሮ ማጽጃ እንጨትና በሙቅ ውሃ ክፈቻት።

የፍሪዘሩ በረዶ ግማሽ ሴንቲሜትር ሲሞላ አሟሚው። አጥፊ፣ ባዶ አድርጊ፣ የፈላ ውሃ በድስት አስገብተሽ ጨርቅ ላይ አስቀምጪና በሩን ክፈቺ። ቢላ፣ ማንኪያ፣ ሹካ እንዳታነሺ፤ ማርያምን ብዬሻለሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ባዶ ሲሆንም አጥፍተሽ አጥበሽ በሩን ገርበብ አድርገሽ ተዪው፤ ተዘግቶ ከቆየ ይሻግታል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላም ካልቀዘቀዘ፣ ሞተሩ እየሠራ እያለ ፍርግርጉን ንኪው። ከሞቀ ጋዙ ሥራ ላይ ነው። ሞተሩ ሳያቋርጥ እየሠራ ፍርግርጉ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ፍሪዘሩ ውስጥም በረዶው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከያዘ፣ ያኔ ጋዝ ጎድሏል ወይም ሞተሩ ራሱ ደክሟል፤ ሠሪው ይጠራ። ሲመጣ ግን ቆመሽ እዪ። መጀመሪያ የሾለከበትን ይፈልግ፣ ይበይድ። ከዚያ በማሽን ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ይሳብ። ሞተሩ አጠገብ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የጋዙ ዓይነትና ስንት ግራም እንደሚገባ ተጽፏል፤ በሚዛን ለክቶ በዚያው ልክ ይሙላ። «አር 134 ኤ» የሚለው አይቀጣጠልም፤ «አር 600 ኤ» የሚለው ግን እንደ ቡታጋዝ ይቀጣጠላል። ያንቺ ይህኛው ከሆነ ቱቦው ሳይራገፍ እሳት እንዳያቀርብ፣ በርና መስኮቱም ወለል ብሎ ይከፈት፤ አንቺም ከሰል አጥፊ።

ቅዳሜ ሰውዬው ከመጣ በትሕትና «ቆይ፣ እኔ እጠራሃለሁ» በዪው፤ የመጣበትን ክፈዪው፣ ድካሙ ነው። ቅቤውን ፍሪጁ እስኪስተካከል ጎረቤትሽ ጋ አስቀምጪ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ደውዪና ብሩ በየትኛው ጥግ እንደላላ፣ ፍርግርጉም ሞቆ እንደሆነ ንገሪኝ።

እናትሽ