ውሻ የነከሳት ዶሮ ትድናለች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ 27 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ስድስት ዶሮዎች አሉኝ። የእንቁላላቸው ገንዘብ ለልጅ ልጄ ደብተርና ለቤታችን ዘይት ይሆናል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው ነሐሴ ውሻ ስለነከሳት ስለ አንዷ፣ ስለ ገብስማዋ ነው። ያን ቀን ማወቅ የነበረብኝን ነገር የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ብዙ ተንከራትቻለሁ፤ ሌላ ሰው እንደ እኔ እንዳይንከራተት እፈልጋለሁ።

ፍልሰታ ከገባ አራተኛው ቀን ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ዶሮዎቹን ሊያወጣ የቆጡን በር እንደከፈተ፣ ማታ ማታ የሚፈታው የጎረቤቴ ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገባ። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ግቢው ላባ በላባ ሆኗል። ልጁ ውሻውን በዱላ አባርሮ ገብስማዋን አቅፏታል። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ትንፋሿ ይጣደፋል። ከጅራቷ በላይ የጀርባዋ ቆዳ መዳፍ በሚያህል ስፋት ተገሽልጦ ሥጋዋ ይታያል።

ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። «እትዬ፣ ሳትሞት ቶሎ አሳርጃት» አሉኝ። በፍልሰታ ማን ይበላታል ብላቸው፣ «እንግዲያው ጣያት» አሉ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ሁላችንም ያደግነው ዶሮ ትታረዳለች እንጂ ትታከማለች ሲባል ሳንሰማ ነው። ጾም ባይሆን ኖሮ እኔም ቢላዋ የሚይዝልኝ ሰው መጥራቴ አይቀርም ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን የልጁን እጅ አየሁ። አንጓው ላይ የውሻው ጥርስ ጫር አድርጎታል። ዶሮዋን በቅርጫት ከድኜ፣ ልጁን ቧንቧው ሥር አቁሜ ጭረቱን ለሩብ ሰዓት በሳሙና አጠብኩት፤ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ውሻው ተከትቦ አያውቅም ነበርና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ጀመሩለት። ውሻውም ለ10 ቀናት ታስሮ ታየ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ዶሮውን ከውሻ አፍ የሚነጥቀው ብዙ ጊዜ ልጅ ስለሆነ፣ ወላጆች አስቀድማችሁ የልጁን እጅ እዩ። የውሻ ምራቅ የነካውን ላባ ስትነኩም እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ።

ስመለስ ገብስማዋ በሕይወት አለች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የነሐሴን ጠዋት ብርድ ኗሪው ያውቀዋል። ካርቶን ውስጥ አሮጌ የፋብሪካችንን ብርድ ልብስ ቁራጭ አነጠፍኩላት፤ ሙቅ ውኃ የሞላሁበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎኗ አደረግሁ፤ ከዚያም ክፍሉን አጨልሜ ወጣሁ። ደሟ ቆሞ ስለነበር ለሁለት ሰዓት ያህል አልነካኋትም። እየፈሰሰ ቢሆን ኖሮ ግን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብሎ መያዝ ይቀድም ነበር። በኋላ እንደተነገረኝ፣ ውሻ የያዛት ዶሮ ከቁስሉ በፊት በድንጋጤና በብርድ ልትሞት ትችላለች።

ቁስሉን ያጠብኩት አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውኃ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ያልሞላ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሬበታለሁ። መርፌው በወጣለት ስሪንጅ እየረጨሁ አፈሩንና የተጣበቀውን ላባ አስለቀቅሁ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ መቁረጥ እንጂ መንቀል አይገባም፤ የዶሮ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስለሆነ አብሮ ይቀደዳል። ላባውን ገልጬ ስመለከት ነው በክንፏ ሥር ሁለት የጥርስ ቀዳዳ ያገኘሁት። ከውጭ ምንም አይታይም ነበር። አንዷ ጎረቤቴ ነጭ ጋዝ አፍስሺበት አለችኝ፣ ሌላዋ ቅቤ አመጣችልኝ። ሁለቱንም እንቢ አልኩ።

በማግሥቱ በካርቶን ይዣት ወደ አንድ የእንስሳት ሕክምና መስጫ ሄድኩ። ከላምና ከበግ ጋር ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ፣ ለዶሮ ክትባት እንጂ ሕክምና የለንም ተባልኩ። ካርቶኑን እንኳ ከፍቶ ያየኝ የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ከውሻው ይልቅ ይህ አሳዘነኝ።

የረዳኝ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። የክንፏን ሥር በጣቱ ጫን ሲያደርገው እንደ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ወፎች ከሳንባቸው ሌላ በሰውነታቸው ውስጥ የአየር ከረጢቶች እንዳሏቸው፣ ጥርሱ አንዱን ወግቶት አየር ከቆዳዋ ሥር እንደገባ አስረዳኝ፤ እየቀነሰ ከሄደ እንዳልሰጋም ነገረኝ። በአምስት ቀን ውስጥ ጠፋ። ቁስሉ ይሰፋ እንደሆነ ጠየቅሁት። የውሻ ንክሻ ከተሰፋ መግሉ ውስጥ ይታፈናል፤ ክፍቱን ይሁንና በየቀኑ ይታጠብ አለኝ። የጥርሱ ቀዳዳ ጥልቅ ስለሆነ ጀርም የሚገድል መድኃኒት በልኬት ሰጠኝ፤ መድኃኒቱን እየወሰደች ሳለችና ከጨረሰች በኋላም እሱ ለወሰነልኝ ቀናት እንቁላሏን እንዳንበላ አስጠነቀቀኝ። ከቁስሉ ላይ ንጹሕ ማር በስሱ ቀባሁ።

ያስጨነቀኝ ዝንብ ነበር። ዝንብ ቁስል ላይ እንቁላሏን ከጣለች በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርቶኑን በአሮጌ አጎበር ሸፍኜ ጠዋትና ማታ ነጭ ጤፍ የመሰለ ነገር እንዳይኖር እፈትሽ ነበር። ከሌሎቹም ለይቻታለሁ፤ ዶሮ ደም ካየች የገዛ እህቷን ጠቅጥቃ ትገድላለች። ሆኖም በሽቦ ጀርባ እንዲተያዩ አደረግሁ። ጨርሰው ከተረሳሱ ስትመለስ እንደ ባዕድ ይደበድቧታል።

ሦስት ቀን ምንም አልበላችም። ስኳርና ቁንጣሪ ጨው ያለበት ውኃ በመንቆሯ ጎን ጠብ ጠብ አደርግላት ነበር። ጉሮሮዋ ውስጥ ማፍሰስ አደገኛ ነው፤ የአየር መተላለፊያዋ ከምላሷ በስተኋላ ስለሚከፈት ትታነቃለች። በአራተኛው ቀን በሶ በተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ለውሼ አቀረብኩላት። ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረገች፤ ቆይታ ሦስተኛ። የልጅ ልጄ እየሮጠ መጥቶ ጠራኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

በመስከረም መጨረሻ ቁስሉ ገጠመ። ኅዳር ላይ እንቁላል ጣለች።

ወደ ጎረቤቴም ሄጄ ነበር። አዛውንት ናቸው፤ ሌባ ስለሚያሰጋቸው ነው ውሻ ያሳደጉት። አልተጣላንም። አጥሩን በራሳቸው ወጪ ደፈኑ፣ ውሻውን አስከተቡ፣ አሁን ሳይነጋ ያስሩታል። ሌሎችም ባለ ውሻዎች ይህን እንዲያደርጉ እለምናለሁ፤ ክትባቱም በየዓመቱ ነው።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየከተማው ዶሮ አርቡ እየተባልን ነው። ጥሩ ነው፤ እኔም ከዶሮዎቼ ሁለቱን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ነገር ግን አርቡ ያለን አካል የተጎዳች ዶሮ ይዘን ስንመጣ ካርቶኑን ከፍቶ የሚያይ ባለሙያ ሊያስቀምጥልን ይገባል። ላም ያለው ሰው ላሙን ያሳክማል። የእኔ ጥሪት ዶሮ ናት።

የመድኃኒቱን ስምና መጠን ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ እንደ ዶሮዋ ክብደት ይለያያልና ሰው በግምት እንዳይሰጥ ፈርቼ ነው። ዝግጅት ክፍሉ አንድ የእንስሳት ሐኪም ጋብዞ ይህን በሚገባን ቋንቋ ቢያጽፍልን፣ ገጹን ቆርጬ ከቆጡ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን